ለአዲስ ዓለም ወጣቶች ምን ዐይነት ድራም ይገዛ?

"ከበሮ በሰው እጅ ያምር፤ ሲይዙት ያደናግር" ይላል የአገራችን ተረት። ይህ ተረት ዘወትር የሚነገረው የሌላው ሰው ሥራ ቀላል መስሎ ለሚታየው ሰው ነው። እኛ ግን ዛሬ ተረቱን እንደ ቃሉ እንወስደዋለን፤ የምንነጋገርበት ጉዳይ የእውነት ከበሮ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአዲስ ዓለምና ከአካባቢዋ መጥተን በዚህ ዩኒቨርሲቲ የምንማር ልጆች፣ ለከተማችን ወጣቶች የሙዚቃ ክበብ የመጀመሪያውን ድራም ለመግዛት መዋጮ ከጀመርን ሰንብተናል። መዋጮው ከሻይና ከፎቶ ኮፒ ላይ የተቀነሰ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ገና ሳይሞላ ግን ክርክሩ ሞልቶ ፈሷል። አንደኛው ወገን "አዲስ፣ ሙሉና የሚያብለጨልጭ ድራም ከአዲስ አበባ ይገዛ፤ ወጣቱን የሚስበው እርሱ ነው" ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ "ከበሮና ድቤ እያለን የባዕድ ዕቃ ለምን አስፈለገን?" ሲል ይጠይቃል። ሁለቱም ወገኖች ለከተማቸው በጎ ከማሰብ የተነሣ እንደሚናገሩ እናውቃለን። ይሁን እንጂ በበኩላችን ከሁለቱም ጋር አንስማማም።

አሳባችን ባጭሩ ይህ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ከበሮና የልምምድ ሰሌዳ ይዘጋጅ፤ ቀጥሎ ቁራጩ ጥቂት፣ ብረቱ ግን ጠንካራ የሆነ ያገለገለ ድራም ይገዛ፤ ከገንዘቡም ጥቂቱ ለጥገናና ለአስተማሪ ይቀመጥ። የድራሙ መልካምነት የሚለካው በመድረክ ላይ በሚሰጠው ውበት ሳይሆን በዓመቱ መጨረሻ ስንት ልጅ መምታት ቻለበት በሚለው ጥያቄ ነው።

ለመሆኑ ድራም ወይም ጃዝ ድራም የሚባለው ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ከመጀመሪያው እንደ አንድ ዕቃ ሆኖ የተፈጠረ ይመስለናል። እርሱ ግን በጥንቱ የሠልፍ ባንድ ውስጥ ሦስት ሰዎች ይመቷቸው የነበሩ መሣሪያዎች ስብስብ ነው። አንዱ ሰው ትልቁን ባስ ድራም፣ ሁለተኛው ከሥሩ ሽቦ የተወጠረበትን ስኔር፣ ሦስተኛው ደግሞ ሲምባል የምንላቸውን የብረት ሳሕኖች ይመታ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በአሜሪካ፣ በተለይም በኒው ኦርሊንስ ከተማ፣ የቲያትርና የዳንስ ቤት መድረኩ ጠባብ፣ የአሠሪውም ኪስ ጠባብ ስለ ነበረ፣ አንድ ሰው ተቀምጦ የሦስቱን ሥራ ለብቻው መሥራት ጀመረ። በ1909 እ.ኤ.አ. የሉድዊግ ወንድማማቾች በቺካጎ በእግር ለሚረገጠው መምቻ፣ ማለት ለፔዳሉ፣ የፈጠራ መብት አገኙ። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁለት ሲምባሎችን በእግር የሚያጋጨው ሃይ-ሃት ተጨመረ።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ዕውቀት ለማሳየት አይደለም። ከታሪኩ ሁለት ነገር እንማራለን ብለን ነው። አንደኛ፣ ድራም ራሱ የቁጠባ ልጅ ነው፤ ገንዘብ ያነሳቸው ሰዎች ያላቸውን ዕቃ አሰባስበው የፈጠሩት ነውና ገንዘብ ያነሰው ክበብ በርሱ ፊት ሊያፍር አይገባውም። ሁለተኛ፣ የድራም ልቡ ፔዳሉ ነው። ሦስቱን ሰው አንድ ያደረገው እርሱ ነው። እንግዲህ ርካሽ ድራም የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መመልከት ያለበት ያንኑ እግሩ የሚያርፍበትን ብረት ነው። የሚያሳዝነው ግን ፋብሪካዎች ዋጋ ለመቀነስ ሲፈልጉ ብዙውን ጊዜ የሚያሳንሱት ይህንኑ የማይታየውን ክፍል ነው። የበርሜሉ ቀለም ያበራል፤ ፔዳሉ ግን ይንገጫገጫል።

በምናውቀው በአንድ የወጣቶች ክበብ የሆነውም ይኸው ነው። አምስት ቁራጭ ያለው አዲስ ድራም በብዙ ደስታ ተገዝቶ ገባ። ብዙም ሳይቆይ የፔዳሉ ስፕሪንግ ማያያዣ ተሰበረ፤ ቀጥሎ ሲምባሉ ከጠርዙ ተሰነጠቀ። ለጥገና የተቀመጠ ገንዘብ ስላልነበረ ድራሙ በሸራ ተሸፍኖ ዕቃ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ ለበዓል ቀን ይወጣል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ተመልሶም ይቆለፍበታል። "እንዳያማ ጥራው፤ እንዳይበላ ግፋው" ማለት ይህ ነው። የኛም መዋጮ በዚሁ መንገድ እንዳይሄድ ከአሁኑ መናገር ግዴታችን ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ወገን አሳብ እንመለስ። "ወጣቱን የሚስበው ሙሉና የሚያምር ድራም ነው" የሚለው ለመጀመሪያው ሳምንት እውነት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ተማሪን የሚያቆየው ተራ ማግኘቱ ነው። ቀላል ሒሳብ እናድርግ። ክበቡ 20 ጀማሪዎች ቢኖሩትና በሳምንት አንድ ቀን ለ2 ሰዓት ቢሰበሰቡ፣ በአንድ ድራም ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚደርሰው 6 ደቂቃ ነው። በሳምንት 6 ደቂቃ የሚመታ ልጅ ድራም መቺ ሊሆን አይችልም፤ የቀረውን 114 ደቂቃ ቆሞ የሚመለከት ልጅም በሦስተኛው ሳምንት አይመጣም። ከዚያም ድራሙ የደፋሮቹ፣ ማለት ወንበሩን ቀድመው የሚይዙት የሦስትና የአራት ልጆች ንብረት ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ሁሉም በአንድነት የሚመቱበት ነገር ነው። የልምምድ ሰሌዳ ማለት በጣውላ ላይ የተጣበቀ ጎማ ነው። በውጭ አገር ፋብሪካ ይሠራዋል፤ ነገር ግን አንድ አናጢ ጣውላውን ቢቆርጥልን፣ ካረጀ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ በኮላ ቢለጠፍበት ለጀማሪ ይበቃል። ከእርሱ ጋር ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጥንድ በትር ይገዛ። ነጋዴዎች 5ኤ የሚሉት መጠን ለብዙ እጅ የሚስማማ መካከለኛ በትር ነው። ሲገዛም ጥንዱ በጠፍጣፋ ነገር ላይ ይንከባለል፤ የሚዘል ወይም የሚወዛወዝ ከሆነ ጠማማ ነውና ይመለስ።

በዚህ ሰሌዳ ላይ ምን ይሠራል? የድራም ፊደል የሚባሉ ምቶች አሉ። በአሜሪካ የድራም መቺዎች ማኅበር በ1933 እ.ኤ.አ. 26ቱን መርጦ አወጣ፤ በ1984 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌላ ማኅበር ቁጥራቸውን 40 አደረሰው። ለጀማሪ ግን ሦስቱ ይበቁታል። የመጀመሪያው ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እያሉ መምታት ነው። ሁለተኛው ቀኝ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ግራ ነው። ሦስተኛው ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቀኝ ካሉ በኋላ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ግራ ማለት ነው። እነዚህን ሦስቱን በዝግታ፣ ሁለቱም እጆች እኩል እስኪሰሙ ድረስ የሠራ ልጅ ድራሙ ላይ በተቀመጠ ቀን እንግዳ አይሆንም። ከዚህም ሁሉ ጋር ሰሌዳው ጎረቤት አይረብሽም፤ መብራት አይፈልግም፤ ልጁ ወደ ቤቱ ይዞት ሊሄድ ይችላል።

ከሰሌዳው ጎን ከበሮውን እናስቀምጥ። ይህን የምንለው ለባህል ክብር ስንል ብቻ አይደለም፤ ከበሮ በራሱ ለድራም የተሟላ ትምህርት ቤት ስለ ሆነ ነው። የከበሮ አንዱ አፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው። ሰፊው ወፍራም ድምፅ፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። በድራም ላይ ይህንኑ ሥራ ባስ ድራሙና ስኔሩ ይካፈሉታል። እንግዲህ ከበሮ ታቅፎ በሁለት እጁ ወፍራሙንና ቀጭኑን እያፈራረቀ ዘፈን የሚያጅብ ልጅ፣ የድራምን ግማሽ ሥራ ሳያውቀው እየሠራ ነው። ለእርሱ የቀረው ወፍራሙን ድምፅ ከእጁ ወደ እግሩ ማዛወር ነው።

ምቱም ቢሆን ከኛ ጋር ነው። ችክችካ የምንለው ምት በስድስት እኩል ምቶች የሚዞር ነው፤ ጆሮ አንድ ጊዜ በሁለት፣ አንድ ጊዜ በሦስት እየከፈለ ይሰማዋል። ከውጭ የሚመጡት የጀማሪ መማሪያ መጻሕፍት ግን በአብዛኛው የሚጀምሩት በአራት ምት ነው። የአዲስ ዓለም ልጅ በሠርግ ቤት ሲያጨበጭብ ያደገበትን ስድስቱን ትቶ በማያውቀው አራት እንዲጀምር ማስገደድ፣ አፉን የፈታበትን ቋንቋ ትቶ በባዕድ ቋንቋ ፊደል እንዲቆጥር ማድረግ ነው። አራቱን ይማር፤ መማርም አለበት። ነገር ግን ከሚያውቀው ተነሥቶ ወደማያውቀው ይሂድ።

ከዚህም ሌላ ብዙ ጊዜ የማይነሣ ጉዳይ አለ። በከተማችን በሠርግና በድግስ ቤት ከበሮውን የሚመታው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ እናቶቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። ሙሽራ ሲሸኝ፣ ጎረቤት ሲሰበሰብ፣ ከበሮው በሴቶች እጅ ነው። ድራም የሚባለው ዕቃ ሲመጣ ግን ወንዶቹ ከበውት ይቆማሉ፤ ከበሮውን ትናንት ስትመታ ያመሸችው ልጅ ዛሬ ዘፋኝ ወይም ተወዛዋዥ ትሁን ትባላለች። ይህ በየትም የተጻፈ ደንብ አይደለም፤ ልማድ ብቻ ነው። በከበሮ የሚጀምር ክበብ ግን ይህን ልማድ ከመነሻው ያፈርሰዋል፤ በመጀመሪያው ቀን ከሁሉ ይበልጥ የሚያውቁት ሴቶቹ ስለሚሆኑ አስተማሪዎቹ እነርሱ ይሆናሉ። የተዋጣው ገንዘብ የግማሹን ወጣት እጅ ከወዲሁ የሚያስወጣ ከሆነ የከተማው ወጣቶች ገንዘብ ሊባል አይገባውም።

አንድ ነገር ግን በጥንቃቄ እንናገር። ከተማችን የርእሰ አድባራት አዲስ ዓለም ማርያም አገር ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ባጣች ጊዜ፣ ከርሷ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በዚህ ስፍራ አዲስ ዋና ከተማ ሊያቆሙ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። በኋላ ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ስላዳናት አሳቡ ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ብዙዎቻችን ከበሮን በመጀመሪያ የሰማነው በማኅሌት ከጸናጽልና ከመቋሚያ ጋር ነው። ያ ከበሮ የአምልኮ ንዋይ ነው፤ በላዩ የተጠላለፈው ጠፍር እንኳ የጌታ ግርፋት ምሳሌ ተደርጎ ይተረጎማል። ስለዚህ ለክበብ ልምምድ እርሱን እንዋስ የሚል አሳብ ከቶ አይነሣ። ክበቡ የራሱን ከበሮና የራሱን ድቤ ያሠራ። እንጨቱን የሚፈለፍል፣ ቆዳውን የሚወጥር ባለ ሙያ በአገራችን አልጠፋም፤ የምንከፍለውም ብር እዚሁ ይቀራል።

አሁን ለሁለተኛው ወገን መልስ እንስጥ። "ከበሮ ካለን ድራም ለምን?" ለሚሉት የምንመልሰው፣ ከበሮና ድራም ባላንጣዎች አይደሉም በማለት ነው። አገራችን ከበሮን ለብዙ ሥራ ስታውለው የኖረች ናት። ነጋሪት ለዐዋጅ ይጎሰም ነበር፤ ከዚህም የተነሣ በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የመንግሥት የሕግ ጋዜጣ ስሙን ከከበሮ ወሰደ። ከውጭ የመጣ መሣሪያንም መቀበል ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት በአዲስ አበባ የነፋስ መሣሪያ ባንድ ሆኑ። ከእነርሱም በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች የአገራችንን ዜማ በባዕድ መሣሪያ ሲጫወቱ ኖሩ። ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎንና ኮንጋን ከኢትዮጵያ ቅኝቶች ጋር አዋሕዶ ኢትዮ ጃዝ የሚባለውን ሲያቀርብ መሣሪያዎቹ ባዕዳን፣ ዜማው ግን የኛ ነበረ። የባዕድ የሚሆነው መሣሪያው ሳይሆን የምንጫወተውን ሳንመርጥ የሌላውን መቅዳታችን ነው።

በተግባርም ቢሆን ድራም ከበሮ የማይሰጠውን ይሰጣል። የቆዳ ከበሮ በክረምት እርጥበት ይረግባል፤ በፀሐይ ወይም በእሳት ሙቀት ካልተወጠረ ድምፁ ይሞታል። የድራምም ፊት ቀድሞ የጥጃ ቆዳ ነበር፤ ከ1957 እ.ኤ.አ. ገደማ ወዲህ ግን ፕላስቲክ ስለ ተተካበት እርጥበት ብዙም አይነካውም፤ በትንሽ መፍቻም ይወጠራል። ከተማችን ደጋ ናት፤ ክረምቷም ረጅም ነው። ከዚህ በቀር ወጣቱ ከጊታርና ከኪቦርድ ጋር በባንድ ሊሠራ፣ ከዚያም እንጀራ ሊያገኝበት ይፈልጋል። ይህንን በር የሚከፍትለት ድራም ነው።

እንግዲህ ድራሙ ይገዛ ካልን ምን ዐይነት ይገዛ? በነጋዴ አነጋገር ሙሉ የሚባለው አምስት ቁራጭ ነው፤ ይኸውም አንድ ባስ፣ አንድ ስኔር፣ ሁለት ትንንሽ ቶሞችና አንድ ትልቅ ቶም ነው። የኛ ምክር ሦስት ወይም አራት ቁራጭ ይበቃል የሚል ነው። ባስ፣ ስኔርና ሃይ-ሃት ካሉ አብዛኛውን ዘፈን ማጀብ ይቻላል። በሦስት ከበሮዎች መማር ያቃተውን ልጅ አምስት ከበሮ አያስተምረውም። የተለመደው የባስ ስፋት 22 ኢንች፣ ማለት 56 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የ20 ወይም የ18 ኢንቹ ግን ለአነስተኛ አዳራሽ ይበቃል፤ ከአዲስ ዓለም ወደ ጊንጪና ወደ አምቦ በሚኒባስ ለመጫንም ይቀላል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ድራም አንዳንድ ወንድሞቻችን አንሥተዋል። እርሱ በማዳመጫ ስለሚሰማ በከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር ሰው መልካም ነው። ለክበባችን ግን አይስማማም። መብራት በጠፋ ቁጥር ዝም ይላል፤ ለብዙ ሰው እንዲሰማ ድምፅ ማጉያ ይፈልጋል፤ አንድ ክፍሉ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው በቅርብ አይገኝም። የእንጨቱን ድራም ብረት ግን በያጅ ይበይደዋል፤ ብሎኑንም ጋራዥ ያገኝለታል።

አዲስ ወይስ ያገለገለ ለሚለው ያገለገለው ይሻላል እንላለን። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከባሕር ማዶ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ለተማሪ ኪስ ከብዷል። በአንድ ዐይነት ዋጋ ደካማ አዲስ ድራምና ጠንካራ ያገለገለ ድራም ሲገኙ ጠንካራው ይመረጥ። ፐርል፣ ያማሃ፣ ታማ ወይም ሉድዊግ የሚል ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ እነዚህም ለጀማሪ የሚሠሩት ርካሽ ዕቃ አላቸው፤ በላዩ ላይ ስም መለጠፍም ለማንም አያስቸግርም። ዋስትናው የሚከተለው ምርመራ ነው።

አንደኛ፣ ፔዳሉን ከባሱ ጋር አያይዞ መርገጥ ነው። መምቻው ወደ ጎን ሳይወዛወዝ ቀጥ ብሎ መሄድና ወዲያው መመለስ አለበት። ሁለተኛ፣ የከበሮውን ፊት አስፈትቶ የእንጨቱን ጠርዝ በመስተዋት ወይም በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ መድፋት ነው። በመካከሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ከታየ ጠርዙ ተበላሽቷል፤ በደንብ ሊወጠርም አይችልም። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱን ብሎን በእጅ ማዞር ነው፤ ጥርሱ ያለቀ ብሎን ይቆጠርና ከዋጋው ይቀነስ። አራተኛ፣ የስኔሩን ሽቦ የሚያጠብቀውንና የሚያላላውን ማንሻ ደጋግሞ መሞከር ነው። አምስተኛ፣ የሲምባሉን ጠርዝና የመሐሉን ቀዳዳ ዙሪያ በጥፍር መዳሰስ ነው። ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ ካለ እያደር ይሰፋልና አይገዛ። የተበላ ፕላስቲክ ፊትና የተጫረ ቀለም ግን አያስፈሩ፤ ፊቱ በአዲስ ይለወጣል፤ ቀለሙም አይዘፍንም።

ስለ ሲምባል ሁለት ቃል እንጨምር። በርካሽ ድራም ላይ ተያይዞ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከመዳብና ከዚንክ የተሠራ ናስ ነው፤ ድምፁ ደረቅና አጭር ሆኖ ይቀራል። የተሻለው ከመዳብና ከቲን የሚሠራው ነሐስ ሲሆን፣ ቲኑ ከመቶ 8 ወይም ከመቶ 20 ይሆናል። ገንዘቡ ለሁሉ ካልበቃ ሌላው ሲምባል ይቅርና ባለ 14 ኢንች ጥሩ ሃይ-ሃት ይገዛ፤ መቺው በዘፈኑ ውስጥ በየደቂቃው የሚነካው እርሱን ነውና። ወንበሩንና ከሥር የሚነጠፈውን ምንጣፍ ከሱቅ መግዛት አያስፈልግም። አናጢ የማይነቃነቅ በርጩማ ይሥራልን፤ ድራሙ እንዳይንሸራተትም ያረጀ ምንጣፍ ከየቤታችን ይምጣ።

የገንዘቡን አከፋፈልም በግልጽ እንናገር። ከተዋጣው ከእያንዳንዱ 100 ብር 20ው ለከበሮ፣ ለድቤ፣ ለሰሌዳና ለበትር ይዋል። 60ው ላገለገለው ድራም ይሁን። የቀረው 20 ብር ሳይነካ ለጥገናና ድራም የሚያስተምር ሰው ለሚመላለስበት መጓጓዣ ይቀመጥ። 20ውን አንነካም ስንል "ድራሙን ትንሽ ያሻሽልልናል" የሚል ፈተና እንደሚመጣ እናውቃለን። ነገር ግን በዕቃ ቤት የሚቆለፍበት ድራም የሚፈጠረው ይህ 20 ብር በጠፋበት ስፍራ ነው። የመግዛቱም ሥራ በፎቶግራፍ አይቶ ለሚወስን ኮሚቴ አይሰጥ፤ ከኮሚቴው ጋር የሚመታ ሰው ይሂድ፤ ተቀምጦ ይርገጥ፤ ይስማ።

ስለ ጆሮም ማሳሰብ ይገባናል። የጤና ባለ ሙያዎች 85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን ለ8 ሰዓት የመጨረሻው ልክ ነው ይላሉ፤ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። እንግዲህ በ100 ዴሲቤል የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ድራም በዝግ ክፍል ውስጥ ከዚህ ልክ በቀላሉ ያልፋል። ጥጥ መወተፍ አይበቃም፤ ለዚሁ የተሠራ የጆሮ መድፈኛ ከበትሩ ጋር አብሮ ይገዛ፤ በባሱም ውስጥ ያረጀ ብርድ ልብስ ይግባበት። የሃያ ዓመት ልጅ የሚያጣው ጆሮ በምንም መዋጮ አይመለስም።

በመጨረሻ የቁልፉ ነገር አለ። ድራሙ በከተማው ከገባ በኋላ ቁልፉ በማን እጅ ይሆናል? በአንድ ሰው ኪስ ብቻ የሚያድር ከሆነ ድራሙ የዚያ ሰው ይሆናል። ስለዚህ አንዱ ቁልፍ በአንድ ወንድ፣ ሁለተኛው በአንዲት ሴት አባል እጅ ይሁን፤ የተራ መዝገብም ይኑር። በሰሌዳና በከበሮ ሦስቱን ምቶች የጨረሰ ሁሉ፣ የአማርኛ ዘፈን ይምታ የኦሮምኛ፣ የየትኛውም ሃይማኖት ልጅ ይሁን፣ ከሌላው ጋር እኩል ደቂቃ ያግኝ።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ አዋጡ ብለን ስንለምናችሁ ለከተማው ጌጥ ግዙ ማለታችን አይደለም። በአዲስ ዓለም ከበሮ የሚችሉ እጆች አሉ፤ የጎደላቸው የሚረገጥ ፔዳል፣ የሚደርስ ተራና የሚያስተምር ሰው ነው። ይህን የማይቀበል ቢኖር ብዕሩን ያንሣና በሚቀጥለው እትም ይመልስልን፤ መዋጮውን ግን እስከዚያ አያዘግይብን።